ከእሁድ አሮስቶ ጎን ምን አትክልት ይቅረብ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እኛ ቤት የእሁድ ምሳ አሮስቶ ነው። አንዳንዴ የበግ ጭን፣ አንዳንዴ ሙሉ ዶሮ። ልጆቹ አሉ፣ አያታቸው አሉ፣ እህቴ ከነቤተሰቧ ትመጣለች። የሐዋሳ ሙቀት ሲበረታ ጠረጴዛውን አውጥተን ማንጎው ሥር እንዘረጋዋለን። ለዓመታት ከስጋው ጎን የሚቀርበው ድንችና የቲማቲም ሰላጣ ብቻ ነበር። ቀስ በቀስ አትክልቱን አበዛነው። አሁን ልጆቹ ራሳቸው «ዛሬ ጥቅል ጎመኑ አለ?» እያሉ ማጀት ይመጣሉ።

ጎረቤትም ዘመድም የሚጠይቀኝ ጥያቄ ተመሳሳይ ሆነ። ስለዚህ መልሱን እዚህ ሰብሰብ አድርጌ ጻፍኩት።

አሮስቶውን ሁሌም ከድንች ጋር ነው የማቀርበው። ድንች አትክልት አይደለም እንዴ?

አትክልት ተራ ስለሚሸጥ ሁላችንም አትክልት እንለዋለን። ሆድ ውስጥ ሲገባ ግን ሥራው የዳቦና የእንጀራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ይብላ ሲል ድንችን፣ ስኳር ድንችንና እንደነሱ ያሉ ሥራ ሥሮችን አይቆጥርም። ስጋ፣ ድንችና ዳቦ ያለበት ሳህን ሞልቶ ቢታይም አትክልት የለበትም ማለት ነው። ዳር ላይ የተቀመጡት ሁለት ቁራጭ ቲማቲሞች አይሞሉትም።

ይህን ስል ድንቹን አስወግዱ ማለቴ አይደለም። አሮስቶ ያለ ድንች አይሆንም። ድንቹ ይኑር፣ አትክልቱ ይጨመር።

ስንት ዓይነት ልሥራ?

ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት።

መጀመሪያ ሞቅ ብሎኝ ስድስት ዓይነት ሠራሁ። ካሮት፣ ቀይ ስር፣ ፎሶሊያ፣ ቆስጣ፣ አበባ ጎመን፣ ዱባ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሬ ስከትፍ ዋልኩ። ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ግማሹ ቀዝቅዟል። ሰውም ከሁሉም አንዳንድ ማንኪያ ቀመሰና ወደ ስጋው ሄደ። ማታ የተረፈውን ስሰበስብ ያዘንኩት ለድካሜ ሳይሆን ለአትክልቱ ነው። ጥሩ ጥሩ ነገር ሳይበላ ቀረ።

አሁን አንድ ኦቨን ውስጥ የሚጠበስ፣ አንድ ድስት ላይ ቶሎ የሚደርስ አረንጓዴ፣ ጊዜ ካለኝ ደግሞ አንድ ጥሬ ነገር አቀርባለሁ። ለአንድ ሰው ከአንዱ ዓይነት 80 ግራም ይበቃል፤ ሞላ ያለ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ነው። ለስምንት ሰው ከእያንዳንዱ ከግማሽ ኪሎ በላይ፣ ተልጦና ጸድቶ ማለት ነው። ቆስጣ ስትገዙ ግን በዚህ ሂሳብ አትሂዱ። እቅፍ ሙሉ ገብቶ እፍኝ ሆኖ ይወጣል።

ያለኝ አንድ ኦቨን ነው፣ እሱንም ስጋው ይዞታል። አትክልቱ መቼ ይግባ?

ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ይሄ ነው። መልሱ ያለው ስጋው ላይ ነው።

ስጋ ከኦቨን እንደወጣ አይቆረጥም። ማረፍ አለበት። ወዲያው ከቆረጣችሁት ጭማቂው መክተፊያው ላይ ይፈስና ስጋው ይደርቃል። ዶሮ ሩብ ሰዓት፣ የበግ ጭን ከሃያ እስከ አርባ ደቂቃ በፎይል ተሸፍኖ ሙቀቱን ይዞ ይቀመጣል። በዚያን ጊዜ ኦቨኑ ባዶ ነው፣ ደግሞም ግሏል። የአትክልቱ ሰዓት ያ ነው።

እኔ ምሳ 7 ሰዓት ላይ ካሰብኩ እንዲህ ነው የማደርገው። ሁለት ኪሎ ገደማ የሆነ የበግ ጭን በነጭ ሽንኩርት፣ በጥብስ ቅጠልና በጨው አሽቼ አሳድረዋለሁ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ በፎይል ጥብቅ አድርጌ ሸፍኜ 160 ዲግሪ ላይ አስገባዋለሁ። የኛ በግ ብዙ የሄደ፣ ጠንከር ያለ ስጋ ስላለው ቀስ ብሎ ሲበስል ነው የሚላላው። 6 ሰዓት ላይ ፎይሉን አነሳና እሳቱን ወደ 220 ከፍ አደርጋለሁ። ቀቀል ያደረግኩትንም ድንች ከሥሩ አስገባለሁ። 6 ሰዓት ከ20 ላይ ስጋው ቡናማ ሆኖ ይወጣል፤ ያርፋል። ካሮቱ ወይም ጥቅል ጎመኑ በእሱ ቦታ ይገባል። 6 ሰዓት ከ55 ላይ ሁሉም አብሮ ይወጣል። ቆስጣው የሚሠራው በመጨረሻዋ አምስት ደቂቃ፣ ሰው እጁን ሲታጠብ ነው።

በዶሮም አካሄዱ ያው ነው፤ ሰዓቱ ብቻ ያጥራል። ዶሮው ግን መብሰሉን ሳታረጋግጡ እንዳታወጡት። ጭኑ ከገላው የሚገናኝበትን ቦታ ውጉት። የሚወጣው ውሃ ጥርት ያለ ካልሆነ ይመለስ።

ካሮቱን ስጋው ሥር ባደርገውስ? ጭማቂው ይወርድበታል።

ድንች፣ ሙሉ ነጭ ሽንኩርትና ለሁለት የተከፈለ ቀይ ሽንኩርት ከሆነ ግሩም ይሆናል። ካሮት፣ ፎሶሊያና ዝኩኒ ሦስት ሰዓት እዚያ ከቆዩ ግን ገንፎ ይሆናሉ። ለመጨረሻው አንድ ሰዓት ብቻ ካሮት ጨምሩ። የወረደውን ጭማቂ ደግሞ ስቡን ከላይ ገፈፍ አድርጋችሁ በትንሽ ውሃ አንተክትኩትና በሱጎ መልክ አቅርቡት። ልጆች ያንን አትክልታቸው ላይ ሲያፈሱ አትከልክሏቸው።

የኔ አትክልት ኦቨን ውስጥ አይጠበስም። የተቀቀለ ይመስላል። ምን አጥፍቼ ነው?

ትሪው ላይ አጨናንቃችሁት ነው። እኔም ለረጅም ጊዜ ያጠፋሁት ይሄንኑ ነው። አትክልት ውስጡ ውሃ አለ። ሲሞቅ እንፋሎት ይሆናል። ቁራጮቹ ከተደራረቡ እንፋሎቱ መውጫ ያጣና እርስ በርስ ይቀቃቀላሉ። አንድ ረድፍ ብቻ ደርድሩ፣ በመካከላቸውም ጣት የምታህል ክፍተት ተዉ። አንድ ትሪ ካልበቃ በሁለት ትሪ ይሁን።

ሌላው ውሃው ነው። ካጠባችሁ በኋላ በንጹህ ጨርቅ ጥርግ አድርጋችሁ አድርቁት። ለአንድ ኪሎ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይበቃል። በእጃችሁ እሹት፣ ሁሉም ይብረቅረቅ። ባዶውን ትሪ አስቀድማችሁ ኦቨን ውስጥ አግሉት። ካሮቱ ሲያርፍበት «ጭስስ» ካለ ደህና ጀምራችኋል።

ስለ ጥቅል ጎመን ለብቻው ልናገር፣ እኛ ቤት ነገሩን የለወጠው እሱ ነውና። አሊጫ ውስጥ ከቀቀልነው ወይም ለሰላጣ ካደቀቅነው ሌላ አናውቀውም ነበር። አሁን ከነጉቶው ለስምንት እሰነጥቀዋለሁ፣ እንደ ሐብሐብ። ጉቶው መነቀል የለበትም፤ ቅጠሎቹን አንድ ላይ የያዘው እሱ ነው። ዘይት፣ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ። 220 ዲግሪ፣ ሠላሳ ደቂቃ፣ መሐል ላይ አንድ ጊዜ ማገላበጥ። ሲወጣ የውጪው ቅጠል ጫፉ ጠቁሮ እንደ ወረቀት ኩርምት ይላል። ስትነኩት ይሰበራል። ውስጡ ግን ለስልሶ ቢጫ ይሆናል፣ ጣፍጧል። ሎሚ ጭመቁበት። ታናሿ ልጄ የጠቆረውን ጫፍ ብቻ እየቀነጠሰች ትጨርሰዋለች፤ እኔም ዝም እላታለሁ።

ድንቹ እንደ ውጪዎቹ ከላይ እንዲንኮሻኮሽ ምን ላድርግ?

እንግሊዞች በእሁድ ጥብሳቸው የሚታወቁበት ድንች መጀመሪያ ይቀቀላል፣ ከዚያ ይጠበሳል። ዳር ዳሩ መፈረካከስ ሲጀምር ውሃውን አጥልሉ፣ ድስቱን ከድናችሁ ነቅነቅ አድርጉት። ፊቱ ሻካራ ሲሆን ዘይት ይይዛል፣ የሚንኮሻኮሸውም እሱ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የውጪ የምግብ አሠራር «ስምንት ደቂቃ ቀቅሉ» ቢል እዚህ አይበቃም። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ድንቹ የሚበስለው ቀዝቀዝ ባለ ውሃ ውስጥ ስለሆነ አራት አምስት ደቂቃ ጨምሩለት። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ከኔም በላይ ትጨምራለች። ሎሚ ወይም ቲማቲም ደግሞ ድንች ሳይበስል አይግባበት፤ ኮምጣጣ ነገር ድንቹን ያጠነክረዋል።

አረንጓዴውስ? ፎሶሊያዬ ሁሌ አመድ ይመስላል።

ወይ ብዙ ቆይቷል፣ ወይ ሎሚው ቶሎ ገብቷል። ውሃው ሲንተከተክ ጨው ጨምሩና ፎሶሊያውን ሳትከድኑ ስድስት ሰባት ደቂቃ ቀቅሉ። ቅመሱት፣ ጥርስ ላይ ትንሽ መያዝ አለበት። አጥልላችሁ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበት። ይህን ጠዋት ጨርሳችሁ ማስቀመጥ ትችላላችሁ። ሊቀርብ ሲል በነጭ ሽንኩርትና በዘይት መጥበሻ ላይ ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል። ሎሚው ጠረጴዛ ላይ ይጨመቅ።

ቆስጣና የአበሻ ጎመን ላይም ሎሚውን አትርሱ። ቅጠል ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት በቀላሉ አይወስደውም። ሎሚና ቃሪያ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ ያግዘዋል። አጠገቡ ያለው ስጋም ያግዘዋል። አሮስቶና ጎመን አብረው ሲበሉ አንዱ ለሌላው ይጠቅማል።

ሐዋሳ ገበያ ምን ልግዛ?

የደረሰውን። በዝርዝር ይዛችሁ አትሂዱ፣ አይታችሁ ግዙ። ስምጥ ሸለቆ ላይ ስለሆንን እድለኞች ነን። ከመቂና ከዝዋይ በኩል ቲማቲምና ሽንኩርት ይመጣል። ከሻሸመኔ በኩል ድንችና ጥቅል ጎመን። ቅጠል በጠዋት፣ ካሮት ከነቅጠሉ ካገኛችሁ እሱን።

ሁለት ነገር ግን ፈልጋችሁ ግዙልኝ። አንዱ ዱባ ነው። ወጥ ብቻ ሆኖ ቀርቷል፣ ያሳዝነኛል። ከነልጣጩ ቆርጣችሁ በዘይትና በትንሽ ከሙን ጥበሱት፤ ልጣጩ ኦቨን ውስጥ ይለሰልሳል። ሁለተኛው ውስጡ ብርቱካናማ የሆነው ስኳር ድንች ነው። እዚሁ ሐዋሳ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ብዙ የሠራበት ነው፣ ኩልፎና ቱላ የሚባሉትን ዝርያዎች አውጥቷል። ከአትክልት ቁጥር ባይገባም ቀለሙ ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚቀይረው ነገር ነው፤ ነጩ ስኳር ድንች ይህ የለውም ማለት ይቻላል። ከነጩ ድንች ግማሹን በእሱ ተኩት። ካሮትም፣ ዱባም፣ እሱም ትንሽ ቅባት ይፈልጋሉ። ያለ ዘይት ቀቅሎ መብላት ጥቅሙን ይቀንሰዋል።

ሐዋሳ ሆነን ስጋ ብቻ ለምን? አሳ ብንጠብስስ?

በደስታ። ሙሉ ቀረሶ ኦቨን ውስጥ ከሃያ እስከ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጅበት። ተራው እዚህ ይገለበጣል፤ አትክልቱ ቀድሞ ይገባል፣ አሳው በመጨረሻ። አሳ አያርፍም፣ ትኩሱን ይበላል። አጠገቡ ካሮትና ፎሶሊያ፣ ከላይ ሎሚና ድንብላል።

እንግዳ ፊት ጎመን ማቅረብ ነውር አይሆንም?

ይህን የሚጠይቁኝ ሰዎች ስሜት ይገባኛል። ጎመን እኛ ዘንድ የክረምት፣ የእጥረት ወራት ምግብ ነበር። ያለፈው እህል ሲያልቅ፣ አዲሱ ሳይደርስ፣ ቤተሰቡን የሚያሻግረው የጓሮ ጎመን ነው። መስከረም ሲጠባ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» የሚባለው ለዚህ ነው። ጎመን ሀብታም ሰው ቤት ቀርቦ ሲታይ «ምን አጥተው ነው?» የሚለው ስሜት ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

አማቴ ሦስት ሳህን አትክልት መጀመሪያ ያዩ ቀን «ልጄ፣ ስጋው አነሰባችሁ እንዴ?» አሉኝ። ከልባቸው አስበውልኝ ነው። «ኧረ እማማ፣ ስጋውም አለ» ብዬ የበጉን ጭን ከፊታቸው አቀረብኩ። ሲረጋጉ ቆስጣውን ቀመሱት። ደገሙት።

እስቲ ክትፎን አስቡት። ክትፎ ሲቀርብ ጎመኑና አይቡ አጠገቡ አለ። በዚህ ያፈረ ሰው አላየሁም። እንዲያውም ጎመኑ ከቀረ ክትፎው ጎደለ ይባላል። አሮስቶውንም እንደዚያው እዩት።

የሚያሳፍረው አቀራረቡ ነው። አትክልቱ በትንሽ ሳህን፣ ቀዝቅዞ፣ ስጋው ተበልቶ ካለቀ በኋላ ከመጣ ማንም አይነካውም። ሰፊ ትሪ ላይ፣ ትኩሱን፣ ከስጋው ጋር እኩል አውጡት። እኔ እንዲያውም ስጋው እስኪቆረጥ አትክልቱን ቀድሜ አወጣለሁ። የራበው ሰው መጀመሪያ ያገኘውን ይበላል።

ልጆቼ አትክልት አይነኩም። ላስገድዳቸው?

አታስገድዷቸው። ያስገደድኩት ፎሶሊያ እስከዛሬ ትልቁ ልጄ ዘንድ ጠላት ነው። ከሚወዱት ምግብ ጎን ሳህናቸው ላይ ትንሽ አድርጉ፣ እናንተ እየጣማችሁ ብሉ። ካሮትና ዱባ ስለሚጣፍጡ በእነሱ ጀምሩ። ካሮት መላጥ፣ ፎሶሊያ ጫፉን መቀንጠስ ለልጅ ይሰጣል። የቀነጠሰውን ይቀምሳል። አንድ ጊዜ እንቢ ካለ ነገሩ አበቃ ማለት አይደለም፤ ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ይቅረብለት።

ጾመኛ እንግዳ አለኝ።

በሐዋሳ አንድ ቤተሰብ ውስጥ ኦርቶዶክሱም ፕሮቴስታንቱም ይኖራል፣ ስለዚህ ይሄ ለኛ የተለመደ ነው። አትክልቱን በሙሉ በዘይት ሥሩት፣ ቅቤ የሚፈልግ ጠረጴዛ ላይ ይጨምር። የጾሙ ትሪ የስጋ ጭማቂ እንዳይንጠባጠብበት ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ይሁን። ማንኪያውና መክተፊያውም ይለይ። እንግዳችሁ «ይሄ የጾም ነው?» ብሎ እንዳይጨነቅ ቀድማችሁ ንገሩት። በተረፈ አዚፋ ወይም የተቀቀለ ሽምብራ በሽንኩርትና በቃሪያ ጨምሩለት። ጎን ለጎን የሚቀርበውን ብቻ በልቶ እንዳይሄድ።

መሐል ላይ መብራት ቢሄድስ?

ደርሶብኛል፣ ያውም ሰው ተሰብስቦ። ኦቨኑን አትክፈቱት፤ ሙቀቱን ለጥቂት ጊዜ ይዞ ይቆያል። ስጋው ጥሬ ከሆነ ግን ለብ ባለ ኦቨን ውስጥ ተቀምጦ መጠበቅ የለበትም። ቆራርጣችሁ ወፍራም ድስት ውስጥ ከሽንኩርት ጋር ከሰል ላይ ጣዱት፣ የድስት አሮስቶ ይሆናል። ካሮቱና ድንቹ እዚያው ይጨመሩ። ጥቅል ጎመኑን መጥበሻ ላይ በሁለቱም ጎን አጥቁሩትና ትንሽ ውሃ ጠብ አድርጋችሁ ክደኑት። አሥር ደቂቃ። ጥሬው ሰላጣ የሚያድነው እንዲህ ባለ ቀን ነው። ቀይ ስርን ፍቃችሁ በሎሚና በቃሪያ ብታሹት እሳትም አይፈልግ።

ወጪው አይበዛም?

ለእኛ ቀንሷል። አትክልቱ ሲበዛ ስጋው ይበረክታል። ሁለት ዶሮ ይፈጅ የነበረው ገበታ አሁን አንድ ተኩል ይበቃዋል። የቀረው ግማሽ ለሰኞ ይሆናል።

የተረፈውን አትክልት ምን ላድርገው?

በምሳ ሰዓት የቀረበው እስከ ማታ ጠረጴዛ ላይ አይዋል፣ በተለይ በዚህ ሙቀት። ቀዝቀዝ ሲል ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪጅ ይግባ። ሰኞ ጠዋት ካሮቱን፣ ድንቹንና ጥቅል ጎመኑን አንድ ላይ ከተፍ ከተፍ አድርጌ መጥበሻ ላይ አግላለሁ፣ ሁለት እንቁላል እሰብርበታለሁ። ከትኩስ ዳቦ ጋር የልጆቹ ቁርስ ነው። ቆስጣው ከተረፈ ለምሳ ዕቃቸው እንጀራ ላይ ይጠቀለላል። ሎሚ ብቻ ጨምሩበት።